የግል ሕይወትና የፕሬስ ነፃነት፦ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በአንድ ሕግ ያልተደነገገ መብት እንዴት ገነቡ?

እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝን ከባድ አውሎ ነፋስ በመታበት ወቅት፣ ጎርደን ኬይ የተባለ ታዋቂ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ተዋናይ መኪናውን እየነዳ ሳለ ነፋሱ የገነጠለው እንጨት የፊት መስተዋቱን ጥሶ ጭንቅላቱን ክፉኛ ጎዳው። ተዋናዩ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለንደን ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሰንደይ ስፖርት የተባለው ጋዜጣ የላካቸው ጋዜጠኛና ፎቶግራፍ አንሺ እንዳይገባ የሚከለክለውን ማስታወቂያ አልፈው ክፍሉ ውስጥ ገቡ፤ ፎቶግራፍ አነሡት፤ አነጋገሩት፤ ጋዜጣውም «ቃለ ምልልስ ሰጥቶናል» ብሎ ሊያወጣው ተዘጋጀ። የሕክምና ማስረጃው እንደሚለው ግን በሽተኛው ሰዎቹ ከወጡ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሆነውን ነገር ማስታወስ እንኳ አልቻለም ነበር።

ጉዳዩን በይግባኝ የተመለከቱት ሦስት ዳኞች በጋዜጣው አድራጎት በግልጽ አዝነዋል። ሆኖም የእንግሊዝ ሕግ የግላዊነት መብት የሚባል ነገር እንደማያውቅና ይህን ማስተካከል የፓርላማ እንጂ የእነርሱ ሥልጣን እንዳልሆነ ገለጹ። ለተዋናዩ ሊያደርጉለት የቻሉት አንድ ጠባብ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋዜጣው ቃለ ምልልሱ በፈቃዱ የተሰጠ አስመስሎ እንዳያቀርብ ማገድ። ይህም የተቻለው ፈቃደኛ ነበር ማለት ጎጂ ሐሰት ስለሆነ ነው እንጂ፣ ክፉኛ ታሞ በተኛ ሰው ክፍል ገብቶ ፎቶግራፍ ማንሳት በራሱ ጥፋት ሆኖ ስለተቆጠረ አልነበረም። ጋዜጣው ፈቃድ አግኝቻለሁ እስካላለ ድረስ ታሪኩን ከማውጣት አልተከለከለም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነገሩ ከሥሩ ተለውጧል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዳይ ለንደን በሚገኝ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው የእግድ ትእዛዝ ለመስጠት ብዙም አያመነታም። ነገር ግን ፓርላማው ይህን ጉዳይ የሚገዛ ራሱን የቻለ የግላዊነት ሕግ አላወጣም። መብቱ የተገነባው በዳኞች ውሳኔ፣ ክስ በክስ ላይ እየተደራረበ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያነበው አንድ ድንጋጌ ሳይሆን ተከታታይ ፍርዶችን ነው። ፍርዶቹ ደግሞ ላይ ላዩን ሲታዩ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ለማሳየት የምሞክረው እንደማይጋጩ፣ ይልቁንም ሁሉም አንድ ዓይነት ሁለት ጥያቄዎችን እንደሚጠይቁ፣ ልዩነቱም የሚመጣው ከዝርዝር ፍሬ ነገሮች መሆኑን ነው። ከዚያም አልፎ፣ መብቱ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢጠነክር ማን ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም ብዬ ስለማምን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ሁለት መብቶች፣ አንዱም ያልበለጠ

ለውጡን ያመጣው በ1998 የወጣውና ከጥቅምት 2 ቀን 2000 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሰብአዊ መብቶች ሕግ ነው። ይህ ሕግ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነትን ድንጋጌዎች በብሪታንያ ፍርድ ቤቶች ፊት ሊጠቀሱ የሚችሉ አደረጋቸው። ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው፤ የግልና የቤተሰብ ሕይወት፣ የመኖሪያ ቤትና የደብዳቤ ልውውጥ እንዲከበር የሚደነግገው አንቀጽ 8 እና ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን የሚያረጋግጠው አንቀጽ 10። ሁለቱም ፍጹም መብቶች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የሌሎችን መብት ለማስከበር ሲባል ሊገደቡ እንደሚችሉ ራሳቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ጋዜጣ በአንቀጽ 10፣ የተጻፈበት ሰው ደግሞ በአንቀጽ 8 ተደግፈው ሲቆሙ ስምምነቱ ራሱ አሸናፊውን አስቀድሞ አይነግረንም።

የሰብአዊ መብቶች ሕጉ ረቂቅ በፓርላማ ሲመከርበት ጋዜጦች በኋላ በር የሚገባ የሳንሱር ሕግ እንዳይሆን ሰግተው ስለነበር በራሱ በሕጉ ላይ አንቀጽ 12 የተባለው ድንጋጌ ተጨመረ። በእርሱ መሠረት ፍርድ ቤት አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እንዲታገድ የሚያዘው፣ አመልካቹ ዋናው ክርክር ሲታይ የማሸነፍ ዕድሉ የሚያመዝን መሆኑ ሲያሳምነው ብቻ ነው። ይህ መከላከያ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን ኋላ ላይ ዳኞቹ ደጋግመው እንዳስረዱት ለፕሬስ ነፃነት ከግላዊነት የበለጠ ቅድሚያ የሚሰጥ አይደለም።

ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም የብሪታንያ ከፍተኛ ዳኞች አጠቃላይ የግላዊነት መብት ፈጥረናል ለማለት አልደፈሩም፤ በ2003 የሎርዶች ምክር ቤት (በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እርሱ ነበር) ይህን በግልጽ አልተቀበለም። የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። የእንግሊዝ ሕግ በአደራ የተሰጠን ምስጢር ማውጣትን ከጥንት ጀምሮ ይከለክል ነበር፤ ሐኪም የበሽተኛውን፣ ሠራተኛ የአሠሪውን፣ ባል የሚስቱን ምስጢር እንዳያወጣ። ችግሩ ይህ ጥበቃ በሁለቱ ወገኖች መካከል የአደራ ግንኙነት መኖሩን መጠየቁ ነበር። ጋዜጠኛ ደግሞ ከሚጽፍበት ሰው ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት የለውም። ዳኞቹ ይህን ቅድመ ሁኔታ ቀስ በቀስ ትተው ዋናው ነገር መረጃው በግል የሚያዝ መሆኑ እንጂ በማን አደራ መሰጠቱ አይደለም አሉ። ከዚህ የተወለደው የክስ ምክንያት «የግል መረጃን ያለአግባብ መጠቀም» ተብሎ ይጠራል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2015 ከአደራ ሕግ ተለይቶ የቆመ ራሱን የቻለ የፍትሐ ብሔር ጥፋት መሆኑን አረጋገጠ።

የናኦሚ ካምቤል ጉዳይ

ይህ መብት መልኩን የያዘው በ2004 በተወሰነ አንድ ክርክር ስለሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። በየካቲት 2001 ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ታዋቂዋ ሞዴል ናኦሚ ካምቤል የዕፅ ሱሰኛ እንደሆነችና ናርኮቲክስ አኖኒመስ በተባለው የሱሰኞች መረዳጃ ስብሰባዎች ላይ እየተገኘች መሆኑን ጻፈ። ከጽሑፉም ጋር በለንደን ቼልሲ ሰፈር ከስብሰባው ቦታ ውጭ መንገድ ላይ ቆማ የሚያሳይ፣ በርቀት በስውር የተነሣ ፎቶግራፍ አወጣ። ጽሑፉ የሚሰድብ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሱሱ ለመላቀቅ ለምታደርገው ጥረት አዘኔታ ያለው ነበር።

ካምቤል ከዚያ ቀደም ዕፅ ተጠቅማ እንደማታውቅ ደጋግማ ለሕዝብ ተናግራ ስለነበር፣ ጋዜጣው ውሸቱን የማጋለጥ መብት እንዳለው ጠበቆቿም አልካዱም። ስለዚህ ክርክሩ የተጻፈውን ነገር ወደ ክፍሎች ከፋፈለው። ሱሰኛ መሆኗንና ሕክምና እየተከታተለች መሆኗን መጻፍ ተፈቀደ። አከራካሪው የቀረው ሕክምናው በየትኛው ማኅበር እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜና በየስንት ጊዜው እንደምትሄድ፣ እንዲሁም ፎቶግራፉ ነበር። ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ የምለው ይህንን አከፋፈል ነው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ «ይህ ታሪክ ይታተም ወይስ አይታተም?» ብሎ በጅምላ አልጠየቀም፤ እያንዳንዱን መረጃ ለብቻው አንሥቶ መዘነው።

በአምስቱ ዳኞች መካከል በመርሁ ላይ ልዩነት አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህ ሰው ይህ መረጃ በግል ይያዝልኛል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያታዊ መሠረት ነበረውን? የሚል ነው። መልሱ የለም ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። አዎ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ በዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር ላይ ግላዊነት ለጋዜጣው ነፃነት ቦታ ይልቀቅ ወይስ በተቃራኒው? ሦስቱ ዳኞች፣ ሎርድ ሆፕ፣ ባሮነስ ሄልና ሎርድ ካርስዌል፣ ለካምቤል ፈረዱ። በእነርሱ አመለካከት የሕክምናው ዝርዝር እንደ ማንኛውም የጤና መረጃ ነው፤ ስብሰባው የት እንደሆነ ለሕዝብ ማሳወቅም ሰውዬዋ ዳግመኛ ወደዚያ እንዳትሄድ ሊያደርግ የሚችል ጉዳት ነው። ባሮነስ ሄል እንዳስረዱት ሞዴሏ ወተት ለመግዛት ወደ ሱቅ ስትሄድ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ባልኖራት ነበር፤ ይህኛው ግን የታመመ ሰው ሕክምና ፍለጋ ሲመላለስ ያሳያል፤ ቦታውንም ይጠቁማል።

በልዩነት የቆሙት ሎርድ ኒኮልስና ሎርድ ሆፍማን የተለየ ሕግ አልጠቀሱም። ጋዜጣው ዋናውን ነገር መጻፍ ከተፈቀደለት፣ ታሪኩን የሚያጎሉትንና የሚያረጋግጡትን ዝርዝሮች በመምረጥ ረገድ አዘጋጆች የተወሰነ ነፃነት ሊኖራቸው ይገባል፤ በጊዜ ጫና ውስጥ የሚሠራን አዘጋጅ ዳኞች ከዓመታት በኋላ ተቀምጠው ቃል በቃል ሊያርሙት አይገባም አሉ። እኔ የአብላጫው ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የውሸቱ መጋለጥ ያለ ፎቶግራፉም ሙሉ ነበር። ቢሆንም የልዩነት ሐሳቡን ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ኋላ ላይ በተነሡ በርካታ ክርክሮች ጋዜጦች በትክክል ያሸነፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሎርዶች ምክር ቤት በሌላ ጉዳይ ዘዴውን ይበልጥ አጠናከረው። ከሁለቱ መብቶች አንዱም በራሱ ከሌላው አይበልጥም፤ ዳኛው በእጁ ባለው ጉዳይ የሚጠየቁትን መብቶች ክብደት በጥልቀት መርምሮ፣ እያንዳንዱን መብት ለመገደብ የቀረበውን ምክንያት መዝኖ፣ ገደቡም ከዓላማው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

በዚሁ በ2004 በስትራስቡርግ የተቀመጠው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሞናኮዋ ልዕልት ካሮላይን በጀርመን ላይ ባቀረበችው አቤቱታ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያዘ። ልዕልቷ ገበያ ስትሄድ፣ ስፖርት ስትሠራና ስትዝናና የተነሡት ፎቶግራፎች የአንባቢን ጉጉት ከማርካት ያለፈ ለሕዝብ ውይይት የሚጨምሩት ነገር የለም ብሎ ፈረደላት። በ2012 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ያችው ልዕልት ባቀረበችው ሌላ አቤቱታ ላይ ለመጽሔቶቹ ፈረደ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ አከራካሪ የነበረው የበረዶ መንሸራተቻ ዕረፍት ፎቶግራፍ በወቅቱ ታሞ ስለነበረው የሞናኮ ገዥ ልዑልና ቤተሰቡ ስለያዘው ሁኔታ ከሚናገር ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ፍርድ ቤት፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት፤ ልዩነቱ ፎቶግራፉ ከምን ጉዳይ ጋር እንደታተመ ነው።

እዚህ ላይ ልጆችን በሚመለከት አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። የደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሕፃን ልጅ በ2004 ኤዲንብራ ውስጥ በጋሪ ሲገፋ በስውር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 የታዋቂ ሰው ልጅ መሆን የልጁን ግላዊነት እንደማያሳጣና ሕፃኑ በራሱ ሊከራከርበት የሚችል መብት እንዳለው ገለጸ።

ከመታተሙ በፊት ወይስ በኋላ?

የስም ማጥፋት ሕግንና የግላዊነት ሕግን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። በስም ማጥፋት ክርክር ጋዜጣው የጻፈው እውነት መሆኑን ካስረዳ ያሸንፋል። በግላዊነት ክርክር ግን እውነት መሆኑ መከላከያ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ቅሬታው ራሱ የተጻፈው እውነት በመሆኑ ነው። ከዚህ የሚከተል ሌላ ልዩነትም አለ። ከ1891 ጀምሮ በጸናው የእንግሊዝ ደንብ መሠረት፣ ጋዜጣ «የጻፍኩት እውነት መሆኑን አስረዳለሁ» ካለ ፍርድ ቤት በስም ማጥፋት ክስ ኅትመቱን አስቀድሞ አያግድም፤ ስም ተበላሽቶ ከነበረ ፍርዱ በኋላ ያድሰዋልና። የወጣ ገመና ግን በፍርድ ተመልሶ አይሸፈንም። ስለዚህ በግላዊነት ክርክር እውነተኛው መድኃኒት ካሳ ሳይሆን በጊዜው የተገኘ እግድ ነው።

የማክስ ሞዝሊ ጉዳይ ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ሞዝሊ በግል ያደረጉትን ወሲባዊ ነገር ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ በመጋቢት 2008 በስውር ቪዲዮ አስደግፎ አወጣው። እግድ ሲጠይቁ ቪዲዮውን በኢንተርኔት ከሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰዎች አይተውት ስለነበር ዳኛው ትእዛዙ ትርጉም የለውም ብለው አልተቀበሉም። በዚያው ዓመት ሐምሌ በዋናው ክርክር ግን አሸነፉ፤ ጋዜጣው ድርጊቱ የናዚ ገጽታ ነበረው ያለው በማስረጃ ስላልተደገፈ የሕዝብ ጥቅም ክርክሩ ወደቀ፤ 60,000 ፓውንድ ካሳም ተፈረደ። ሞዝሊ ግን ገንዘቡ የጠፋውን እንደማይመልስ ተናግረው፣ ጋዜጦች ከማተማቸው በፊት ለሚጽፉበት ሰው የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዲጣልባቸው ወደ ስትራስቡርግ ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ2011 አልተቀበላቸውም፤ እንዲህ ያለ ግዴታ የሕዝብ ጥቅም ያለበትን የምርመራ ጋዜጠኝነት ጭምር ሊያስፈራራ ይችላል አለ። ይህ ውሳኔ ሞዝሊን ለመሰለ ሰው ጨካኝ ቢመስልም ትክክለኛ ይመስለኛል፤ ሙስናን የሚመረምር ጋዜጠኛ አስቀድሞ አሳውቅ ቢባል ሰነድ ለማጥፋትና ምስክር ለማስፈራራት ጊዜ መስጠት ይሆንበታልና።

በ2016 የሎርዶች ምክር ቤትን የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚነት የተረከበው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ሌላ አቅጣጫ ሰጠው። በመዝገቡ ላይ ፒ.ጄ.ኤስ. በሚል ምሕጻር ብቻ የተጠቀሱ አንድ ታዋቂ ሰው ከትዳራቸው ውጭ ስለነበረ ግንኙነት እንዳይጻፍ እግድ አግኝተው ሳለ ታሪኩ በአሜሪካ ታተመ፤ በስኮትላንድም ወጣ፤ በኢንተርኔትም ተሰራጨ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስጢርነቱ አብቅቷል ብሎ እግዱን አነሣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በግንቦት 19 በአራት ለአንድ ድምፅ መልሶ አጸናው። መከራከሪያው ግላዊነት ምስጢር መጠበቅ ብቻ አይደለም የሚል ነው፤ ብዙ ሰው ቢያውቀውም በየጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ሲደጋገም በቤተሰቡና በትንንሽ ልጆቹ ላይ የሚደርሰው ጥሰት አዲስ ጉዳት ነው። በልዩነት የቆሙት ሎርድ ቶልሰን የሕግ ትእዛዝ ከእውነታው ከራቀ ክብሩን ያጣል አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ከሞዝሊ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸርም እግድ አስቀድሞ የያዘ ሰውና ዘግይቶ የመጣ ሰው ምን ያህል የተለያየ ዕጣ እንደሚገጥማቸው ይታያል።

ተጠርጣሪና ስሙ

ላለፉት ዓመታት ጋዜጠኞችን ከሁሉም በላይ ያሳሰበው ግን ፖሊስ የሚመረምረው ሰው ስም ጉዳይ ነው። በነሐሴ 2014 የደቡብ ዮርክሻየር ፖሊስ በአንድ የቆየ የወሲብ ጥቃት ክስ ጥቆማ ምክንያት የዘፋኙን ሰር ክሊፍ ሪቻርድን ቤት በርብሮ ነበር። ፖሊስ አስቀድሞ ለቢቢሲ ጋዜጠኛ መረጃ ሰጥቶ ስለነበር ጣቢያው ብርበራውን ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ለሕዝብ አሳየ። ዘፋኙ አልታሰሩም፤ ክስም አልተመሠረተባቸውም። ፖሊስ 400,000 ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፤ በቢቢሲ ላይ ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2018 የ210,000 ፓውንድ ካሳ ፈረደ።

ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 16 ቀን 2022 ዜድ.ኤክስ.ሲ. ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ ደንቡን አጸና። የብሉምበርግ የዜና ድርጅት በ2016 የአንድ ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚ በብሪታንያ ሕግ አስከባሪ አካል እየተመረመረ መሆኑን ዘግቦ ነበር፤ የመረጃው ምንጭም ያ አካል ለሌላ አገር መንግሥት በምስጢር የላከው የትብብር መጠየቂያ ደብዳቤ ነበር። ሰውዬው በሥር ፍርድ ቤት 25,000 ፓውንድና እግድ አግኝተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ እንደወሰነው፣ በወንጀል የሚመረመር ሰው ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ የምርመራው ነገር በግል ይያዝልኛል ብሎ ለመጠበቅ በመርህ ደረጃ ምክንያት አለው። ብሉምበርግ ሕዝቡ ጥርጣሬንና ጥፋተኝነትን መለየት ያውቃል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ዳኞቹ ግን «በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው» የሚለው መርህ በፍርድ ቤት ውስጥ የጸና ቢሆንም ከፍርድ ቤት ውጭ የሰው አእምሮ እንደዚያ አይሠራም፤ ምርመራው ያለ ክስ ቢዘጋም ጥርጣሬው ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል አሉ።

ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህንን ፍርድ በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከያዘው በላይ ሰፊ አድርጎ ይተረጉመዋል። በመጀመሪያ፣ ዳኞቹ ይህን ያሉት መነሻ ነጥብ ነው ብለው እንጂ የማይለወጥ ደንብ ነው ብለው አይደለም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ የሚመልስ ነው፤ የሕዝብ ጥቅም የሚመዘንበት ሁለተኛው ጥያቄ እንዳለ ይቀራል። ደግሞም ጥበቃው የሚሸፍነው መመርመሩን የሚገልጸውን መረጃ እንጂ ሰውዬው ፈጸመ የሚባለውን ድርጊት አይደለም። ጋዜጠኛ በራሱ ጥረት የሐሰት ውል ወይም የተዘረፈ ገንዘብ ማስረጃ ካገኘ፣ የስም ማጥፋት ሕግ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስለ ድርጊቱ ከመጻፍ ይህ ፍርድ አያግደውም።

ይህን ሁሉ ተቀብዬም ስጋቴ አልተወገደም። ኃያላን ሰዎች ስለሚመረመሩበት ሁኔታ መዘገብ መርማሪዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን በአግባቡ መሥራታቸውን የምንቆጣጠርበት መንገድ ነው፤ ምርመራው በጸጥታ ተጀምሮ በጸጥታ ቢዘጋ ማን ያውቃል? ፍርዱ ለተራው ተጠርጣሪ ፍትሐዊ ነው፤ ጠበቃ ለማቆም ለማይቸገረው ባለሀብት ግን ከሚገባው በላይ ጠንካራ ጋሻ ሊሆነው ይችላል።

ጉዳዩ ወደ ግልጽ ችሎት ከገባ በኋላ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባየው ክርክር፣ ታስሮ የተፈታና ክስ ያልተመሠረተበት አንድ ሰው ስሙ በሌሎች ተከሳሾች ችሎት ላይ በግልጽ ስለተጠቀሰ እንዳይታተም ያቀረበው ጥያቄ በአብላጫ ድምፅ ውድቅ ሆነበት። በችሎት በግልጽ የተነገረን ነገር የመዘገብ ነፃነት በቀላሉ አይነካም።

ማን ሊከስ ይችላል?

ካምቤል ከዴይሊ ሚረር ያገኘችው ካሳ 3,500 ፓውንድ ብቻ ነበር። ጋዜጣው እንዲተካ የተጠየቀው የእርሷ የጠበቃና የክርክር ወጪ ግን ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ የዚህም አንድ ክፍል ጠበቆቿ በማሸነፋቸው የተጨመረላቸው ክፍያ ነው። ጋዜጣው ወደ ስትራስቡርግ ሲሄድ ፍርድ ቤቱ በ2011 በግላዊነቱ ውሳኔ ላይ የብሪታንያን ዳኞች ደገፈ፤ በዚህ ተጨማሪ ክፍያ ግን የጋዜጣው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ተጥሷል አለ። ከሳሾች ይህን ክፍያ ከተሸናፊው ማስመለስ እንዳይችሉ በግላዊነት ክርክሮች ላይ የተከለከለው በሚያዝያ 2019 ነው። ወጪው ሁለቱንም ወገን ያስፈራል፤ ትንሽ ጋዜጣ ትክክለኛ መሆኑን የሚያውቀውን ዘገባ እንዲተው፣ ሀብት የሌለው ሰው ደግሞ የተጣሰበትን መብት እንዲረሳው ያደርጋል።

ጋዜጦች የሰዎችን የስልክ የድምፅ መልእክት በስውር ባዳመጡበት የስልክ ጠለፋ ቅሌት የተከፈሉት ካሳዎች ከፍ ያሉ ናቸው። ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ የአንዲት የተገደለች ተማሪ የስልክ የድምፅ መልእክት ሳይቀር መጥለፉ ከታወቀ በኋላ በሐምሌ 2011 ተዘግቷል። በ2015 በሚረር ቡድን ላይ በተሰጠው ፍርድ ለአንዲት ተዋናይት ብቻ 260,250 ፓውንድ ተወሰነ፤ ዳኛው ካሳው ለደረሰው ሐዘንና ጭንቀት ብቻ ሳይሆን ሰው በራሱ መረጃ ላይ ያለውን ሥልጣን በመነጠቁም እንደሚከፈል ገለጹ። በታኅሣሥ 2023 ልዑል ሃሪ ከዚሁ ቡድን 140,600 ፓውንድ ሲፈረድላቸው፣ ለናሙና ከቀረቡት 33 ጽሑፎች 15ቱ በሕገ ወጥ መንገድ በተገኘ መረጃ የተጻፉ ሆነው ተገኝተዋል።

በእነዚህ መዝገቦች ላይ ስማቸው ጎልቶ የሚታየው ዝነኞችና ባለሀብቶች ናቸው። ጥሰቱ በሚሊዮኖች ላይ በትንሽ በትንሹ ሲደርስስ? ጎግል የአራት ሚሊዮን ያህል የአይፎን ተጠቃሚዎችን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ሳያስፈቅድ ተከታትሏል ተብሎ አንድ ሰው በሁሉም ስም የውክልና ክስ አቅርቦ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2021 ውድቅ አደረገው፤ በግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት ካሳ ለማግኘት እያንዳንዱ ሰው የደረሰበት ጉዳት መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ደግሞ በአንድ የጅምላ ክስ አይቻልም አለ።

ከሳሾች ታዲያ ሌላውን በር ሞከሩ፤ ያንኑ በካምቤል ጉዳይ የተከፈተውን። በ2015 ሮያል ፍሪ የተባለው የለንደን የሕዝብ ሆስፒታል ተቋም የ1.6 ሚሊዮን ሕሙማንን መዝገብ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትን ለይቶ የሚያስጠነቅቅ መተግበሪያ ለመሥራት የጎግል ንብረት ለሆነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ለዲፕማይንድ አስተላልፎ ነበር። በሕሙማኑ ስም የቀረበውን ክስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2024 አልተቀበለውም። አመክንዮው ከመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሣ ነው፤ መረጃው በግል ይያዝልኛል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ መሆኑ የሚወሰነው በእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ነው፤ አንዱ ከባድ በሽታ ተመዝግቦበት ይሆናል፣ ሌላው ሆስፒታል መሄዱን ራሱ ለሰው አውርቶት ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መልስ ማቀፍ አይቻልም። ካምቤልን የጠበቃት የእያንዳንዱ መረጃ ለብቻ መመዘን፣ እዚህ ላይ ብዙኃኑን ከፍርድ ቤቱ ደጅ መለሳቸው። የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት በ2017 ሆስፒታሉ መዝገቦቹን ያስተላለፈበት መንገድ ሕጉን ያልተከተለ እንደነበር አስታውቆ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ጽሕፈት ቤት ለተጎጂ ካሳ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ካሳ የሚፈልግ ሕመምተኛ ወጪውን ችሎ ለብቻው መክሰስ አለበት።